ሰባት ቀን ቆልፈን ብናቆየውስ?

ይህ ደብዳቤ የመጣው ከኩዌት ነው። ረጅም ስለነበረ አሳጥሬዋለሁ። ሰው የሚያሳውቁ ነገሮችንም አውጥቼበታለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ። ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ ስምንት ዓመቴ ነው። አዳማ እናቴና ታናሽ ወንድሜ አሉ። ወንድሜ 31 ዓመቱ ነው። የአይሱዙ ሹፌር ነበር፤ መኪናውን ከተቀማ ዓመት አልፎታል። ቀን ይቅማል፣ ማታ ይጠጣል። አሁን አሁንማ ማታን መጠበቅም ትቷል። እናቴ እንደምትለኝ ጠዋት ሲነሳ እጁ ይንቀጠቀጥና አንድ መለኪያ አረቄ ሲቀምስ ነው የሚረጋጋው። አምና ጸበል ገብቶ ሁለት ወር ቆየ። ወፍሮ፣ ፊቱ በርቶ መጣ። እልል ብለን ተቀበልነው። በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰበት። እናቴ ደም ግፊት አለባት፤ በሱ ጉዳይ ልትሞትብኝ ነው። እኔ ለፋሲካ ልመጣ ነው። አጎቴ ‹እሷ ትምጣና ጓዳ አስገብተን ሰባት ቀን እንቆልፍበት፤ ከደሙ ሲወጣ ይተወዋል› ይላሉ። አክስቴ ደግሞ ቡና ውስጥ የሚጨመር፣ መጠጥ የሚያስጠላ ዱቄት አግኝታለች። እናቴ ‹ሚስት ቢያገባ ይሰክናል› ብላ ልጅ እያፈላለገች ነው። እኔ ደክሞኛል። ብር መላክ ላቁም? ወይስ ጭራሽ እስኪወድቅ እንተወው? ሰው ሁሉ ‹ራሱ ካልፈለገ ማንም አያድነውም› ይለኛል።»

እህቴ፣

ሌላውን ሁሉ ቀስ ብለን እናወራለን። መጀመሪያ ግን ለአጎትሽ ደውዪና የጓዳው ነገር ይቅር በያቸው። ዛሬውኑ።

ደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ዋዛ ጣል አድርገሻት ያለፍሻት ነገር አለች። ጠዋት እጁ ይንቀጠቀጣል፣ አንድ መለኪያ ሲቀምስ ይረጋጋል ያልሽው። በአእምሮ ሕክምና ነርስነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ስለ ዱቄቱም ስለ ሙሽራዋም ሳነብ ፈገግ ብዬ ነበር። እዚህ ጋ ስደርስ ግን ፈገግታዬ ጠፋ።

ወንድምሽ ሹፌር ስለሆነ በሱው ቋንቋ ልንገርሽ። አልኮል ለአእምሮ ፍሬን ነው። ያቀዘቅዛል፣ ፍርሃት ያበርዳል፣ ያስተኛል። በየቀኑ ፍሬን የሚረገጥበት አእምሮ ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሥራውን መሥራት አለበትና እሱም በበኩሉ ነዳጅ መርገጥ ይጀምራል። እንዲህ እየተጎተቱ ዓመት ይኖራሉ። ከዚያ አንድ ቀን አጎትሽ መጥተው ፍሬኑን ድንገት ያነሱታል። ነዳጁ ግን እንደተረገጠ ነው።

የሚሆነውን በቅደም ተከተል ልንገርሽ። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ስድስት ሰባት ሰዓት ያህል ቆይቶ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማስመለስ፣ የልብ ምት መፍጠን ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደሚጥል በሽታ ጥሎ ሊያንፈራግጠው ይችላል። በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ አንዳንዱ ሰው ላይ የከፋው ይመጣል። ትኩሳት ይነሳል፣ የት እንዳለ ይጠፋዋል፣ የሌለ ነገር ያያል። ይህ የመጨረሻው በጊዜ ካልታከመ ይገድላል። የሚጠጣ ሁሉ እዚህ ይደርሳል ማለቴ አይደለም። ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥና በመጠጥ የሚረጋጋ ሰው ግን መንገዱ ላይ ነው።

አንድ ልብስ ሰፊ ትዝ ይለኛል። ቤተሰቡ ልክ እንደናንተ አዝኖለት፣ ቤት ዘግቶበት፣ በሦስተኛው ቀን ነው ወደኛ ያመጣው። ከአየር ላይ ክር ይለቅም ነበር። የማይታይ ክር። ይለቅምና ይጠቀልላል፣ ይለቅምና ይጠቀልላል። እናቱ «ተለክፎብኝ ነው» ይላሉ። ከዚያ በፊት አንድ ክሊኒክ ወስደውት ነበር። ቤተሰቡ አፍሮ መጠጡን አልተናገረም፤ እነሱም አልጠየቁም። ግሉኮስ ተክለው «ደክሞት ነው» ብለው ሰደዱት። ሕይወቱ ተርፏል። ትናንት ማን እንደጠየቀው ግን አያስታውስም፤ ሲራመድም እግሩን ሰፋ አድርጎ እንደ ሕፃን ነው።

ለምን መሰለሽ? ብዙ የሚጠጣ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ቫይታሚን ቢ1 ያልቃል። ስለማይበላ፣ የበላውንም አንጀቱ በደንብ ስለማይወስድለት። ቢ1 በሌለበት ግሉኮስ ብቻውን ሲገባ አእምሮ የቀረችውንም ጨርሶ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ የትም ብትወስዱት «ጠጪ ነው፣ በየቀኑ ይጠጣል፣ መጨረሻ የጠጣው በዚህ ሰዓት ነው» በሉ። ቢ1 ከግሉኮሱ በፊት ወይም አብሮ እንዲሰጠው ጠይቁ። በዚህ ማፈር አያስፈልግም። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዘሽ ብትቀሪ እንኳ ደብዳቤሽ ከንቱ አልሆነም።

አጎትሽን ላስቀይማቸው አልፈልግም። ሰባት ቀን ያሉት እኮ ከእውነቱ ብዙ አልራቀም። ሐኪም ቤትም ቢሆን መጠጡን ከሰውነት የማስወጣቱ ሥራ ባብዛኛው ከ5 እስከ 7 ቀን ነው የሚፈጀው። እዚያ ግን በፍሬኑ ፋንታ ሌላ ፍሬን ይሰጡታል፤ ዲያዜፓም ወይም የሱ ዘመድ የሆነ መድኃኒት። ከዚያ በየቀኑ እየቀነሱ ያወጡለታል። ይህን መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝታችሁ ራሳችሁ አትስጡት። ከመጠጥ ጋር ከተደባለቀ እስትንፋስ ሊያቆም ይችላል።

የግድ አዲስ አበባ አማኑኤል ድረስ መሄድ የለባችሁም። አማኑኤል ስሙ የታወቀ ነው፤ የሱስ ሕክምናም ይሰጣል። ግን እዚያው አካባቢያችሁ ባለ ትልቅ የመንግሥት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ብትጠይቁም ይጀመርላችኋል። «አማኑኤል» ሲባል እናትሽ «ልጄን እብድ ሊሉብኝ ነው» ብለው እንደሚደነግጡ አውቃለሁ። ለጊዜው «ሐኪም ቤት» በሏቸው፣ ይበቃል።

አሁን የሚገርምሽን ነገር ልንገርሽ። ሐኪም ጋ እስኪደርስ ድረስ ጠዋት የሚጠጣትን መለኪያ አትከልክሉት። ይቀንስ ግን ድንገት አያቁም። እናትሽ ጠዋት ጠዋት በድብቅ አንዳንድ ብር ይሰጡት ይሆናል። እርግጠኛ ነኝ ጎረቤቱ ሁሉ «አንቺ ነሽ ያበላሸሽው» ይላቸዋል። እናትሽ ምን እንደሚያዩ አስቢ። ልጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ አንድ ብርጭቆ ሲቀምስ ሰው ይሆናል። ሳያውቁት የነርስ ሥራ እየሠሩ ነው። ተያቸው፣ አትውቀሷቸው። ቀጠሮው ይፍጠን እንጂ።

ደግሞ ከዚያ በፊት ቢጥለው፣ ክብሪት ጭራችሁ አታሽቱት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ሆነ ጨርቅ አትክተቱ። በጎኑ አስተኙት፣ ጭንቅላቱ ሥር ልብስ ነገር አድርጉ፣ መኪና ጥሩ።

«ታዲያ አረቄውን ትቶ ቢራ ብቻ ቢጠጣስ?» የሚል አንድ የሰፈር አስታራቂ መቼም አይጠፋም። ሒሳቡን እንሥራ። ግማሽ ሊትር ድራፍት፣ 5 በመቶ ቢሆን፣ 25 ሚሊ ሊትር ንጹሕ አልኮል አለው። 50 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት መለኪያ አረቄ፣ 40 በመቶ ቢሆን፣ 20 ሚሊ ሊትር። ድራፍቱ በለጠ! «እሱ እኮ መጠጥ ይችላል፣ አይሰክርም» የሚባለውም እንደዚያው ነው። ድሮ በሦስት ይሰክር የነበረ ሰው ዛሬ አሥር ጠጥቶ ቀጥ ብሎ ከሄደ ጎበዝ ስለሆነ አይደለም። ያ ያልኩሽ ነዳጅ ነው።

ወደ ጫቱ ልምጣ። እዚህ ላይ ቤተሰብ ሁሉ አንድ ስህተት ይሠራል። «ጫቱ ይቅርታ አለው፣ መጠጡን ብቻ ይተው» ይላል።

ጫት ማቆም እንደ አልኮል አይገድልም። ይደብታል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል፣ ሐራራው ያነጫንጫል፣ ማታ ዱካክ ይጫነዋል። ዱካኩን የሚፈሩት ብዙ ቃሚዎች ናቸው። ለሱ ብለው የሚቅሙም አውቃለሁ። ግን ከቀናት፣ ቢበዛ ከሳምንታት በኋላ ይለቃል። ችግሩ ሌላ ነው። ወንድምሽ ጫትን የጀመረው ለጨዋታ ሳይሆን ሌሊት መሪ ይዞ እንዳያንቀላፋ ይመስለኛል። የጭነት መኪና ሹፌር ዕጣ ነው። ከምርቃናው በኋላ ግን እንቅልፍ የለም። ዓይን ይፈጣል፣ ልብ ይመታል። ስለዚህ ጨብሲ ይመጣል። አረቄው የጫቱ ማብረጃ ነው። ጠዋት ደግሞ አረቄው ያደክመዋል፤ ለመንቃት ጫት ያስፈልገዋል። ሁለቱ እየተቀባበሉ ነው የሚያኖሩት። እንዲህ ያለ ሰው ከቀኑ 7 ሰዓት በርጫ ላይ ተቀምጦ ማታ መጠጡን እንዲተው መጠበቅ፣ ምጣዱን አስጥዶ እንጀራ አታውጪ እንደማለት ነው። ጫቱም አብሮ መቆም አለበት። ይህንንም ለሐኪሙ ንገሩት፤ ሳይጠየቅ የሚናገር ሰው ጥቂት ነው።

ስለ ዱቄቱ። አክስትሽ ክፉ አስበው አይደለም። ግን ዱቄቱ ውስጥ ምን አለ? ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ማንም የማያውቀው ቅጠላ ቅጠል ነው፤ ጉበቱ በመጠጥ ለደከመ ሰው ሌላ ሸክም። ወይ ደግሞ አንዱ የተፈጨ ዳይሰልፊራም ሸጦላቸው ይሆናል። ዳይሰልፊራም እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ ለሱስ መዋል ከጀመረ 70 ዓመት አልፎታል። የወሰደ ሰው ከላዩ ቢጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ራሱን ይወቅረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የደም ግፊቱ ሊወርድ፣ ልቡም ሊዛባ ይችላል። የሚሠራው ሰውየው አውቆ፣ ተስማምቶ፣ «ዛሬ ይህን ስለዋጥኩ መጠጣት አልችልም» ብሎ ራሱን ሲጠብቅበት ነው። በድብቅ ቡና ውስጥ የገባበት ሰው ግን ምንም ሳያውቅ ሦስት መለኪያ ያወርዳል። ያ መርዝ ነው። ሌላም ጉዳት አለው። አንድ ቀን ካወቀ፣ ከዚያ በኋላ ከእናቱ እጅ ቡና አይጠጣም። ናልትሬክሶን የሚባል ውስጥ ውስጡን ጉምጅቱን የሚቀንስ መድኃኒትም አለ። የትኛው እንደሚሻለው ጉበቱን መርምሮ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ስለ ጋብቻው ረጅም አልጽፍም። እናትሽ የሚያፈላልጓት ልጅም እናት አላት።

አሁን አንጀቴን የበላኝ ጋ ደረስኩ። «በሦስተኛው ሳምንት ተመለሰበት» ያልሽው። እልልታችሁ ባዶ ቀረ፣ ሁለቱ ወር ከንቱ ሆነ ብለሽ ነው የጻፍሽው። ሰፈሩም «ጸበል ያልያዘለት፣ ሌላ ምን ይይዝለታል?» ብሎ ይሆናል።

እኔ ግን ሁለት ወር መቻሉን ነው ያየሁት። እንዴት ቻለ? የእምነቱን ነገር ለእምነቱ ትቼ፣ ጸበል ቦታ ያለውን ኑሮ ተመልከቺ። ሌሊት ይነሳል። በሰዓት ይጸልያል፣ በሰዓት ይበላል። በርጫ የለም፣ ግሮሰሪ የለም፣ ኪሱ ብር የለም። ዙሪያውን የታመመ ሰው ነው፤ አንዱ ሌላውን «አይዞህ» ይላል። ማንም «ሰካራሙ መጣ» አይለውም። ከዚያ ወደ አዳማ ተመለሰ። ያው አልጋ፣ ያው ስልክ፣ ያው ከቀኑ 7 ሰዓት። ሥራ የለም። ጓደኞቹ በሁለተኛው ቀን መጥተው «ጠፋህ እኮ!» አሉት።

በቬትናም ጦርነት ጊዜ የሆነ ነገር አለ። እዚያ ከነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች መካከል ከአምስቱ አንዱ ገደማ የሄሮይንና የመሰል ዕፆች ሱሰኛ ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 መንግሥት ወታደሮቹ ሽንታቸው ተመርምሮ ነጻ ካልሆኑ አውሮፕላን አያሳፍርም አለ። ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ በዚያ ዓመት የተመለሱትን ተከታትላ አጠናቻቸው። ሁሉም ሰው የጠበቀው አገሪቱ በሱሰኛ ትጥለቀለቃለች ብሎ ነበር። ቬትናም ሳሉ ሱሰኛ ከነበሩት መካከል በተመለሱ በመጀመሪያው ዓመት እንደገና ሱስ የያዛቸው ግን ከ100 አምስቱ ያህል ብቻ ሆኑ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ዛሬም ይከራከሩበታል። አንዱ ምክንያት ግን ለሁላችንም ግልጽ ነው። ሱሱ የነበረበትን ጫካ፣ ፍርሃቱን፣ አቀባዩን ጥለው መጡ። ቤታቸው ደጃፍ ላይ ሄሮይን አልጠበቃቸውም።

ወንድምሽ የነሱ ተቃራኒ ነው። እሱ የዳነው ሄዶ ነው። ሱሱ የጠበቀው ቤቱ ነው። እናንተ ደግሞ ድኖ መጣ ብላችሁ እልል አላችሁ እንጂ ለሚመለስበት ቤት ምንም አላዘጋጃችሁም። ይህ ወቀሳ አይደለም። ማንም አልነገራችሁም። ከሰውነት ማስወጣቱን እንደ መዳን የሚቆጥረው አጎትሽ ብቻ ሳይሆኑ አንዳንድ ሐኪም ቤትም ጭምር ነው። ሰባት ቀን አስተኝተው፣ ካርድ ሰጥተው፣ «በርታ» ብለው ይሸኛሉ።

ስለዚህ አሁን ስትዘጋጁ ከሰባቱ ቀን ይልቅ ለስምንተኛው ቀን ተዘጋጁ። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀጥታ ወደዚያው ክፍል አይግባ። ሌላ ከተማ የሚቀበለው የማይጠጣ ዘመድ ካለ፣ ጥቂት ወር እዚያ ይቆይ። ወደ ጸበሉ መመለስ ከፈለገም በጣም ጥሩ ነው፤ ግን መድኃኒቱንና የቀጠሮ ካርዱን ይዞ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በአደባባይ ተናግረው ነበር። ያን ጊዜ መድኃኒታቸውን ጥለው ይገቡ ለነበሩ ሰዎች ትልቅ ነገር ነበር። ለሱስስ ለምን አይሠራም? ካህኑን ራሳቸውን ጠይቂያቸው።

ከሰዓት በኋላ ከ7 እስከ 11 ያለችውን ሰዓት የሚሞላ ሥራም ይፈለግለት። ደመወዙ ትንሽ ቢሆን ግድ የለም። የረጅም መንገድ ሹፌርነት ግን ለጊዜው ይቅር። መሪውን ሲይዝ ጉንጩ ጫት ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንኳ እንደገና ሊወድቅ ይችላል። ከሕክምና በኋላ ከ100 ሱሰኞች ከ40 እስከ 60 የሚሆኑት አንድ ጊዜ ተመልሰው ይጠቀማሉ። ቁጥሩ ያስደነግጥሻል። እናትሽ ግፊት አለባቸው ብለሻል አይደል? መድኃኒት ጀምረው በየመሀሉ ግፊታቸው የሚነሳባቸው ሰዎች ቁጥርም ከዚህ አያንስም፤ እንዲያውም ይበልጣል። ጨው አበዙ፣ ክኒን ረሱ፣ ተናደዱ፤ ግፊታቸው ተነሳ። ያን ጊዜ «በቃ፣ እሳቸው ፈቃድ የላቸውም፣ ይሙቱ» ትያለሽ? ወደ ሐኪም ትወስጃቸዋለሽ፣ መድኃኒት ይስተካከላል። እሱም በወደቀ በማግሥቱ ሐኪሙ ጋ ይሂድ። ከወር በኋላ ሳይሆን በማግሥቱ። አንድ ማታ የጠጣ ሰው ‹አንዴ ተበላሽቷል› ብሎ ነው ወር የሚጠጣው። ያን ‹አንዴ ተበላሽቷል› የሚለውን ቃል ብዙ ጊዜ የምንሰጠው እኛ ነን፤ በፊታችን።

«ራሱ ካልፈለገ» የሚለውም እንዲሁ ነው። መፈለግ እንደ መብራት አንዴ በርቶ የሚቀር ነገር አይደለም። ወንድምሽ ጠዋት ሲንቀጠቀጥ ይፈልጋል። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ አይፈልግም። ሌሊት እንቅልፍ ሲያጣ ደግሞ ይፈልጋል። በሚስቱ ለቅሶ ተጎትቶ መጥቶ ዛሬ ዓመታት የቆየ ሰው አውቃለሁ። በራሱ እግር መጥቶ በሳምንቱ የጠፋም አውቃለሁ። እስኪወድቅ መጠበቅንም ተይው። የአንዳንዱ ሰው ውድቀት መጨረሻ መቃብር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት ነበር። ጠጪ ያለባቸውን 130 ቤተሰቦች ለሦስት ከፍሎ በተለያየ መንገድ አሠለጠናቸው። ጠጪውን ከበው ፊት ለፊት እንዲጋፈጡት ከተሠለጠኑት መካከል 30 በመቶዎቹ ሰውየውን ወደ ሕክምና አመጡ። ‹እሱን ተዉት፣ ራሳችሁን ጠብቁ› ከተባሉት ደግሞ 13 በመቶው። ሦስተኛዎቹ ሳይጠጣ የሚውልባትን ሰዓት እንዲያስደስቱለት፣ ሲጠጣ ግን ዘወር እንዲሉ፣ ልመናና ስድብ እንዲያቆሙ፣ ለሕክምና የሚያነሱበትን ሰዓት እንዲመርጡ ተማሩ። 64 በመቶ! ሰውየው ያው ሰው ነው፤ ዙሪያው ነው የተለወጠው።

ስለ ብሩ ስትጠይቂኝ ውስጡ ሌላ ጥያቄ እንዳለ ይሰማኛል። «የላኩት ብር ነው የገደለው ወይ?» የሚል። አይደለም። ብር የሌለውም ይጠጣል፤ ሸጦ ይጠጣል። ለእናትሽ አስቤዛ መላክሽን ቀጥዪ። በሱ ስም ግን አትላኪ፤ በእጁም አይግባ። ለሕክምና የሚሆነውን ለሆስፒታሉና ለፋርማሲው የሚከፍል አንድ የምታምኚው ሰው ይኑር። ደግሞ ካላንቺ ቤት ኪራዩን የሚከፍል ሰው ከሌለ ኪራዩን አታቋርጪ። መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ቶሎ ይድናል የሚል ሐኪም አላየሁም። ከደመወዝሽ ላይ ለራስሽም ጥቂት አስቀሪ። ስምንት ዓመት ቀላል አይደለም።

ፋሲካው ያሳስበኛል። አንቺ ስትመጪ እናትሽ ጠላ እንደሚጠምቁ አውቃለሁ። ቢቻል ሕክምናው አንቺ ሳትመጪ ይጀመር። ያኔ በዓሉ ሕክምናው ገና በተጀመረባቸው ሳምንታት ውስጥ ይውላል። ለዚህ ለአንድ ፋሲካ ብቻ ቤቱ መጠጥ አይግባበት። ጠላም፣ ጠጅም፣ «ለእንግዳ» የምትባለዋም ቢራ። ብርዝ ይኑር፤ ሳያድር የሚጠጣ። «ለበዓል እንኳ ጫፏን ቅመሳት» የሚሉትን አጎቶች ቀድመሽ አነጋግሪያቸው፣ አንድ በአንድ፣ በስልክ። መዓዛ ሸቶት ጠረጴዛ ላይ ከሚታገል፣ ሰዎቹ ትንሽ ቅር ቢላቸው ይሻላል። ደግሞ የሰው ሁሉ ዓይን እሱ ላይ እንዳይሆን በግ ያርድ፣ ሥራ ይሰጠው።

አሁን የምታደርጊው። አርብ እረፍት ከሆንሽ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ደውዪለት። የናንተና የአዳማ ሰዓት አንድ ነው። በዚያ ሰዓት መንቀጥቀጡ በርዶለታል፣ ምርቃናው ደግሞ ገና አልጀመረም። በቀኑ ውስጥ ወንድምሽን የምታገኚው ያኔ ነው። ስለ ጸበሉ አታንሺ፣ ስለ ላክሽው ብር አታንሺ፣ አታልቅሺ። «ጠዋት ጠዋት እጅህን ምን ያደርግሃል?» ብለሽ ጠይቂው። ምናልባት ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆት አያውቅም። ከነገረሽ «ለእሱ ብቻ መድኃኒት አለው፤ ሰኞ ከእናታችን ጋር ሄደህ ታየው?» በዪው። እምቢ ካለ እሺ በዪውና ስለ ሌላ ነገር አውሪ። በሚቀጥለው አርብ እንደገና ደውዪ።